የአፍንጫ ግድግዳ ሲጣመም፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ስፕሬይ? የናይሮስ ጥናት ታሪክ

የብሪታኒያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ የሚባለው፣ ለዓመታት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ውስጥ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ችግር ይዘው ይመጣሉ። የሁለቱም አፍንጫ ታፍኗል። የሁለቱም የአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ ወደ ጎን ተጣሟል። የአንዱን አካባቢ የጤና በጀት የያዘው አካል "ይሠራለት" ይላል። የሌላው ደግሞ "ጥቅሙ ያልተረጋገጠ ሕክምና ነው፤ አንከፍልም" ይላል። ልዩነቱ የመጣው ከአፍንጫቸው ሳይሆን ከመኖሪያ አድራሻቸው ነው።

ከፋዮቹን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ያሉት ነገር ውሸት አልነበረም። የአፍንጫን ግድግዳ ማቃናት፣ በሕክምናው ስም ሴፕቶፕላስቲ፣ የአንገት በላይ ሐኪሞች በብዛት ከሚሠሯቸው ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ሆኖም በዕጣ በተመደቡ ሰዎች ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ካላደረጉት ጋር ጎን ለጎን ተነጻጽሮ፣ በበቂ ቁጥር የተፈተነ ጊዜ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። ይሠራል የሚለው እምነት የቆመው በሐኪሞች ልምድና "ዳንኩ" በሚሉ ታካሚዎች ቃል ላይ ነበር።

እኔ ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። "ማስረጃ የለም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ "አይጠቅምም" ተብሎ ይነበባል። በመሃሉ የሚጎዳው ታካሚው ነው። ናይሮስ የተባለው ጥናት ይህንን ክፍተት እንዴት እንደሞላ ማየት፣ አፍንጫው ለታፈነበት ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ችግሩ ለምን ለመለካት ያስቸግራል?

ግድግዳው ሴፕተም ይባላል። የአፍንጫን ውስጥ ለሁለት ይከፍላል። ከፊት በኩል ለስላሳ አጥንት ነው፤ ከኋላ በኩል ጠንካራ አጥንት። ፍጹም ቀጥ ያለ ሴፕተም ያለው አዋቂ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ሲወለድ፣ አንዳንዱ ሲያድግ ይጣመምበታል። ሌላው በልጅነቱ ወድቆ፣ ኳስ ሲጫወት ክርን አግኝቶት፣ ወይ በመኪና አደጋ ነው። ብዙዎቹ ግን ምንም አይሰማቸውም። ለሌላ ነገር ሲቲ ስካን ተነስተው "ሴፕተምህ ጠማማ ነው" ሲባሉ የሚደነግጡ አሉ። መደንገጥ አያስፈልግም። የመጣመሙ መኖር ብቻውን በሽታ አይደለም።

ቦታውም ወሳኝ ነው። የአፍንጫ ጠባቡ ክፍል ከፊት፣ ቀዳዳውን አለፍ እንዳልን ያለው ነው። አየር ሲያልፍ ከሚገጥመው እንቅፋት ከግማሽ በላዩ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ እዚህ ጋ ያለ ትንሽ ጉብታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወደ ኋላ ያለ ትልቅ ጉብታ ግን ባለቤቱን ላይረብሸው ይችላል። ፎቶው ላይ የባሰ የሚመስለው አፍንጫ ሁልጊዜ የባሰ የታፈነው አይደለም።

ሌላም አለ። የአፍንጫ ሁለት ጎኖች ተራ ይገባሉ። በየጥቂት ሰዓቱ የአንዱ ጎን ሽፋን በደም ሞልቶ ያብጣል፤ የሌላው ይከፈታል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር ይህን እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጤነኛ ሰው ይህን ለውጥ አያስተውለውም። አንድ ጎኑ የጠበበበት ሰው ግን ሰፊው ጎን ተራው ደርሶ ሲያብጥ ጭንቅ ውስጥ ይገባል። ጠዋት የተለካና ከሰዓት በኋላ የተለካ አፍንጫ አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ይበልጥ ይገርማል። "አፍንጫዬ ተከፍቷል" የሚለው ስሜት የሚመጣው ከቅዝቃዜ ነው። ስንተነፍስ የገባው አየር ሽፋኑን ያቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜ የሚለዩ ነርቮች ይህን ለአንጎል ያደርሳሉ። ሜንቶል እነዚሁኑ ነርቮች ይነካል። በዌልስ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ሮን ኤክልስ በተደጋጋሚ እንዳሳየው፣ ሜንቶል ያሸተተ ሰው አፍንጫው የተከፈተ ይመስለዋል፤ በመሣሪያ ሲለካ ግን መንገዱ አልሰፋም። ቪክስ ስንቀባ የሚሰማን እፎይታ ከዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ምኑን ይለካ? የአየሩን ፍሰት ወይስ የሰውየውን ስሜት? አንዱን ብቻ ቢይዝ ይሳሳታል።

መቶ ዓመት በልምድ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በቺካጎ ኦቶ ፍሪር፣ በጀርመን ፍራይቡርግ ጉስታቭ ኪሊያን ተመሳሳይ ዘዴ አስተዋወቁ። ሽፋኑን ገልጠው፣ የተጣመመውን ለስላሳ አጥንት በብዛት አውጥተው፣ ሽፋኑን መልሰው ማልበስ ነው። መንገዱ ተከፈተ። ግን ብዙ ሲወጣ የአፍንጫው ድልድይ የሚሰምጥበት፣ ግድግዳውም የሚበሳበት ጊዜ ነበር። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የቺካጎው ሞሪስ ኮትልና ሌሎች ሐኪሞች አካሄዱን ቀየሩት። የሚቻለውን ያህል አጥንት ማትረፍ፣ ማቃናት፣ መልሶ ማስቀመጥ። ዛሬ ሴፕቶፕላስቲ የምንለው የዚህ ልጅ ነው።

ዘዴው ተሻሽሏል። ጥያቄው ግን በቦታው ቀረ፦ ካልተሠራለት ሰው ጋር ሲነጻጸር የተሠራለት በእውነት ይሻለዋል?

የመጀመሪያው ትልቅ መልስ የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው። በናይሜኸን ከተማ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሰዎች የመሩት ጥናት በ18 ሆስፒታሎች ተካሄደ። ከ2013 እስከ 2016 ድረስ 203 አዋቂዎችን መዘገበ። 102ቱ በዕጣ ለቀዶ ሕክምና፣ 101ዱ ያለ ቀዶ ሕክምና ለመታከም ተመደቡ። በ2019 በላንሴት መጽሔት ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ የጤና ሁኔታን በሚለካ የግላስጎ መጠይቅ የተሠራላቸው በአማካይ 72.2፣ ያልተሠራላቸው 63.9 አገኙ። እዚህ መጠይቅ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ጥሩ ነው። የ8.3 ነጥብ ልዩነት ነው። አንድ ሰው ግድግዳው ላይ መግል ቋጠረ፤ ሁለት ሰዎች ቀዳዳ ተፈጠረባቸው።

ጥሩ ጅምር ነበር። ግን ያልተሠራላቸው ሰዎች ሕክምና ወጥ አልነበረም። አንዱ ስፕሬይ ተሰጠው፤ ሌላው "እስኪ እንጠብቅ" ተባለ። ተጠራጣሪው "መድኃኒቱን በትክክል ቢወስዱ ኖሮስ?" ማለት ይችላል። ናይሮስ የገባው እዚህ ጋ ነው።

ናይሮስ እንዴት ተሠራ?

ጥናቱን የመራው የኒውካስል ቡድን ነው፤ ዋና ተመራማሪው በዚያው ከተማ የፍሪማን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሾን ካሪ ናቸው። ገንዘቡ የመጣው ከመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ነው፤ ከመድኃኒት ኩባንያ አይደለም። በብሪታኒያ ያሉ 17 የአንገት በላይ ክሊኒኮች ተሳተፉ። ከጥር 2018 እስከ ታኅሣሥ 2019 ድረስ 378 አዋቂዎች ተመዘገቡ።

እነማን ይግቡ የሚለው ላይ ብዙ ታስቧል፤ ለእኔ የጥናቱ ዋና ጥበብ እዚህ ነው። ሐኪሙ መጣመሙን ማየቱ ብቻ አልበቃም። ታካሚው ኖዝ የሚባለውን አጭር መጠይቅ ይሞላል። አምስት ጥያቄ ነው፦ መጨናነቅ፣ መታፈን፣ በአፍንጫ መተንፈስ መቸገር፣ እንቅልፍ፣ በስፖርት ወይም በሥራ ጊዜ በቂ አየር ማግኘት። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይደርሳል፤ ከፍ ያለው የባሰ ነው። ቢያንስ 30 ያላገኘ አይገባም። ማለትም ግድግዳው የተጣመመ ሰው ሁሉ ሳይሆን፣ መጣመሙ ኑሮውን የረበሸው ሰው ነው የተጠናው። ከዚህ በፊት ሴፕተሙ የተሠራለት፣ ወይም የአፍንጫው የውጭ አጥንት ራሱ የተጣመመበት ሰው አልገባም። የእነዚህ ቀዶ ሕክምና ሌላ ነው።

ከዚያ ዕጣ። 188ቱ ለሴፕቶፕላስቲ፣ 190ዎቹ ለመድኃኒት። ዕጣው የተጣለው የችግሩ ክብደትና ጾታ በሁለቱም ወገን እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ካመነበት፣ በሰፊው ጎን ያለውን ያበጠ ተርቢኔት አብሮ መቀነስ ይችላል። ተርቢኔት ከጎን ግድግዳ የሚወጣ፣ ሥጋ የለበሰ አጥንት ነው። ሴፕተሙ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ በሌላው ጎን ያለው ተርቢኔት ክፍቱን ቦታ ለመሙላት ያብጣል። ግድግዳውን አቃንቶ ይህን መተው መንገዱን ከሌላ ጎን መዝጋት ሊሆን ይችላል።

የመድኃኒቱ ወገን ለስድስት ወር የስቴሮይድ ስፕሬይና የጨው ውሃ ስፕሬይ እንዲጠቀም ተደረገ። ሕክምናው ለሁሉም አንድ ነው። የኔዘርላንድሱ ጥናት የጎደለው ይህ ነበር።

እግረ መንገዴን ስለ ስፕሬይ አንድ ነገር ልበል። የስቴሮይድ ስፕሬይ ዛሬ ነፍተውት ዛሬ የሚከፍት ነገር አይደለም። በየቀኑ ለሳምንታት መወሰድ አለበት። አፉን ወደ መሃል ግድግዳው ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይን ጥግ አቅጣጫ ማዞር ነው። በቀኝ እጅ የግራውን፣ በግራ እጅ የቀኙን ቀዳዳ ከነፋችሁ አቅጣጫው በራሱ ይስተካከላል። ግድግዳው ላይ በቀጥታ የሚነፋ ሰው ይደማል፤ ከዚያ "አልተስማማኝም" ብሎ ይተወዋል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙት ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። ከሳምንት በላይ ሲወሰዱ አፍንጫውን መልሰው ያፍኑታል፤ ሰውየውም ያለ እነሱ መተንፈስ ያቅተዋል። ብዙ ሰው "ሳይነስ ነው" እያለ ለዓመታት የሚታገለው ከዚህ ጠብታ ጋር ነው።

ምን ተገኘ?

ዋናው መለኪያ ስኖት-22 የሚባል መጠይቅ ነው። 22 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5። ድምሩ ከ0 እስከ 110 ነው፤ ዝቅ ያለው ጥሩ ነው። ስለ መታፈንና ስለ ንፍጥ ብቻ አይጠይቅም። ሽታ ማጣትን፣ የፊት ሕመምን፣ የሌሊት መንቃትን፣ ደክሞ መነሳትን፣ ትኩረት ማጣትን፣ ማዘንን፣ መሳቀቅን ይጠይቃል። አፍንጫው የታፈነ ሰው ከቤተሰቡ "ጉንፋን ምን አለው!" የሚባለው ይህ ሁሉ ስለማይታይ ነው። በዘጠኝ ነጥብ ገደማ ከቀነሰ ታካሚው ለውጡ ይሰማዋል ተብሎ ይታሰባል።

በስድስት ወር የተሠራላቸው አማካይ 19.9 ሆነ። በመድኃኒት የቆዩት 39.5። ተስተካክሎ ሲሰላ ልዩነቱ 20 ነጥብ ነው፤ እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚታሰበው ክልል ከ16.4 እስከ 23.6 ነው። ታካሚ ከሚሰማው ዝቅተኛ ለውጥ በእጥፍ ይበልጣል። ጥናቱ በ2023 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ሌላው ግኝት በክሊኒክ ውስጥ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከመነሻው ምልክቱ የከበደበት ሰው የበለጠ ተሻለው። ቀለል ያለበት ያን ያህል አልተለወጠም። ጠማማነቱን በዓይን ከማየት ይልቅ ሰውየውን መጠየቅ ማን እንደሚጠቀም ለመገመት ይረዳል።

ጉዳቱንም አልደበቁም። በእርግጥ ከተሠራላቸው 174 ሰዎች ውስጥ ሰባቱ፣ 4 በመቶ ማለት ነው፣ በደም መፍሰስ ተመልሰው ሆስፒታል ተኙ። 20ዎቹ፣ 12 በመቶ ገደማ፣ በኢንፌክሽን ምክንያት አንቲባዮቲክ አስፈለጋቸው። ቀላል ቀዶ ሕክምና ይባላል። ለሁሉም ቀላል አይደለም።

ተጠራጣሪው ምን ይላል?

ትክክለኛ ጥያቄ አለው። ሁሉም ሰው የተሠራለት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ያውቃል። ለብዙ ጊዜ ሲጠብቅ የነበረውን ቀዶ ሕክምና ያገኘ ሰው ደስ ብሎት "ተሻለኝ" ሊል ይችላል። በስፕሬይ የቀረው ደግሞ ቅር ብሎት ነጥቡን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ለማጥራት የውሸት ቀዶ ሕክምና መሥራት ያስፈልግ ነበር፤ በማደንዘዣ ማስተኛት፣ አፍንጫውን ማሸግ፣ ግን ሴፕተሙን አለመንካት። ናይሮስ ይህን አላደረገም።

እኔን የሚያሳምነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የአየር ፍሰቱ በመሣሪያ ሲለካም በተሠራላቸው ዘንድ የበለጠ ተሻሽሏል። ሜንቶል ስሜትን ይለውጣል እንጂ ፍሰትን አይለውጥም። እዚህ ሁለቱም አብረው ሄዱ። ሁለተኛው የልዩነቱ መጠን ነው። ደስታ ጥቂት ነጥብ ያወርዳል፤ 20 ነጥብ ግን ብዙ ነው። የኔዘርላንድሱ ውጤት በሌላ አገር፣ በሌላ መጠይቅ፣ ከዓመት በኋላ ወደዚያው አቅጣጫ መጠቆሙም ክብደት አለው።

አንድ ድክመት ግን ይቆጠራል። በስድስተኛው ወር ዋናውን መጠይቅ የሞሉት ከተሠራላቸው ወገን 152፣ ከመድኃኒቱ ወገን 155 ናቸው። ከ378ቱ 71ዱ ጎደሉ። ከሁለቱም ወገን በተቀራራቢ ቁጥር መጉደላቸው ጥሩ ነው። የክትትሉ አንድ ክፍልም ኮቪድ ላይ ወደቀ። ወረርሽኙ ሲገባ አፍንጫ ውስጥ መሣሪያ ማስገባትና ትንፋሽ መለካት በየክሊኒኩ የሚፈራ ነገር ሆነ።

ሂሳቡ

ጥናቱ ገንዘቡንም አሰላ። በጥናቱ ጊዜ ብሪታኒያ አንድ ሕክምና ለሚያስገኘው አንድ ሙሉ ጤናማ ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ መክፈልን እንደ መለኪያ ትይዝ ነበር። በ20,000 ፓውንድ መለኪያ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሲታይ ሴፕቶፕላስቲ ዋጋውን የማውጣት ዕድሉ 15 በመቶ ብቻ ነው። እስከ ሁለት ዓመት ሲሰላ 99 በመቶ ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀዶ ሕክምናው ወጪ በአንድ ቀን ይወጣል፤ ጥቅሙ ግን ለዓመታት ይቀጥላል። በጀትን በየዓመቱ ብቻ የሚያይ ከፋይ "አያዋጣም" ቢል አይገርምም። ለእኔ ግን አፍንጫን በአንድ ዓመት ሂሳብ መመዘን ተገቢ አይደለም።

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ይህን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ከቤተሰብ ተሰባስቦ፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር ዘመድ ተልኮ። ስለዚህ ጥናቱ የጠየቃቸው ጥያቄዎች ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ይጠቅማሉ። ችግሩ በእርግጥ ከሴፕተሙ ነው ወይስ ከአለርጂ? ስፕሬዩን በትክክል፣ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ሞክሬዋለሁ? የኖዝ መጠይቁን ብሞላ ስንት አገኛለሁ? ተርቢኔቱስ አብሮ ይቀነሳል? ፖሊፕ፣ ማለትም አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ ሥጋ፣ ያለበት ወይም ሳይነሱ ለረጅም ጊዜ የተቆጣበት ሰው ደግሞ የዚህ ጥናት ውጤት በቀጥታ አይመለከተውም። የእሱ በሽታ ሌላ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ።

ለመሠራት የወሰነ ሰው ቀኑ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ያጣራ። ናይሮስ ውስጥ ሰባት ሰዎችን ወደ ሆስፒታል የመለሰው ደም ነበር። ስለዚህ ቤት ከገባ በኋላ በሌሊት ደም ቢፈስበት የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበለው፣ ማን ስልክ እንደሚያነሳ፣ ከከተማ ውጭ የሚኖር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የት እንደሚያርፍ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። የደም ማቅጠኛ ወይም አስፕሪን የሚወስድ ከሆነም አስቀድሞ ይናገር።